እኔና ጋሽ ይማም የሰማነው ደወል

በዚያ ክረምት መቀሌ ውስጥ ከእኔና ከጋሽ ይማም በቀር ማንም የማይሰማው አንድ ደወል ነበር።

ይህን ስላችሁ ፊታችሁ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። አከራዬ አደይ ምሕረትም እንዲሁ አድርገው ነው ያዩኝ። መጀመሪያ ዐይኔን አዩ፤ ቀጥለው እጄን አዩ፤ እጄ ላይ ምንም እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ በርጩማቸውን ይዘው ትንሽ ራቅ አሉ። እናንተም ከፈለጋችሁ ራቅ ብላችሁ ስሙኝ፤ አልቀየማችሁም።

ነገሩ የጀመረው በንዳድ ነው። ጣልያን ከአገር ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ ከወሎ መጥቼ ጋሽ ይማም ሱቅ ውስጥ አቡጀዲ እየለካሁ እሸጥ ነበር። ጋሽ ይማምም ወሎዬ ናቸው፤ ሰፊ ትከሻ፣ ጠባብ ትዕግሥት፣ ከዚያም ሁሉ በላይ የሚያምር ዐይን ነበራቸው፤ ጨርቅ ሲያዩ ክሩን ብቻ ሳይሆን የፈተለችውን ሴት ጠባይ ጭምር የሚነግሩ ዐይን። በበጋው ከግመል ነጋዴዎች ጋር ተያይዘን ጨርቅ ልንሸጥ ወደ ጨው አገር ወረድን። ጨርቁን ሸጠን ንዳድ ይዘን ተመለስን። ዝናቡ ሲጠና በሽታው አገረሸብን። እኔ ስንቀጠቀጥ አልጋዬ አብሮኝ ስለሚንቀጠቀጥ ከሥሩ የነበሩት አይጦች ወደ ጎረቤት ተዛወሩ። ጋሽ ይማም ደግሞ ትኩሳቱ ሲወጣባቸው የሌሉ ደንበኞችን ይሰድቡ ነበር።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልጨምር። ያን ጊዜ ገጣሚ ነበርኩ። ማንም አላስተማረኝም። ይህን ድሮ የምናገረው በኩራት ነበር፤ አሁን የምናገረው እንድትጠነቀቁ ነው።

ሐኪም ቤቱ ጣልያን ጥሎት የሄደ ቆርቆሮ ቤት ሲሆን፣ በሽተኛ የሚያየውም መድኃኒት የሚሰጠውም ድሬሰር ሐጎስ ነበር። ቀጭን፣ ችኩል፣ ደግ ሰው ነው። ያን ሰሞን ንዳድ የያዘው ሰው ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ተሰልፏል። ሐጎስ ነጫጭ ኪኒኖቹን በወረቀት ጠቅልሎ ለእኔም ለጋሽ ይማምም ሰጠን።

«በቀን ሦስት ጊዜ ነው» አለ። «ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ከምግብ በኋላ። አደራ፣ በባዶ ሆድ እንዳትውጡት፤ ሆድ ይልጣል።»

የመጨረሻውን ሲናገር ዐይኑን አፈጠጠና ሆዱን በእጁ ጨበጠ። እንግዲህ ሰው ከሐኪም ቤት ይዞ የሚወጣው የሰማውን ሁሉ አይደለም፤ ዐይን የፈጠጠበትን ነው። እኛም «ባዶ ሆድ» የሚለውን ይዘን ወጣን። ከኋላችን ያለው ሰልፈኛ ገባ፤ እሱም ያንኑ ሰማ፤ ከእሱም ኋላ ያለው።

በዚያው ሰሞን ፍልሰታ ገባ። የረመዳን ጨረቃም አብሮ ታየ። መቀሌ በሙሉ ጾመች። ቀን ቀን በከተማው ሲያኝክ የሚታይ ፍጥረት ቢኖር አህያ ብቻ ነበር።

ለእኔ ለወሎዬው ጾም ቀላል ነገር አልነበረም። አጎቴ መሐመድ፣ አባቴ ገብረ ሚካኤል መሆናቸውን በአደይ ምሕረት ግቢ የማያውቅ አልነበረም። ለእኛ አገር ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ለግቢው ሰው ግን እንደ ሁለት ቀለም ቡችላ ነበርኩ፤ የቱ ቀለም እንደሚያሸንፍ ይጠበቃል። አደይ ምሕረት አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ብቻ ቀትር ላይ «እንዴት ዋልክ ወደይ» ሊሉኝ ብቅ ይላሉ፤ አፋቸው ሰላም ይላል፣ ዐይናቸው ጉንጬን ይመረምራል። በትግርኛ አደይ እናቴ፣ ወደይ ልጄ ማለት ነው። ልጃቸው ተብዬ አልጾመም ከምባል ንዳዱ ቢገድለኝ ይሻለኝ ነበር። ስለዚህ ከእሳቸውም አስበልጬ ጾምኩ። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ አንዴ እበላለሁ፤ እስከ ነገ በቃ።

አሁን አስቡት። መድኃኒቱ ከምግብ በኋላ ነው። ምግብ በቀን አንድ ጊዜ ነው። መድኃኒቱ ሦስት ጊዜ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ተመልሶ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን ማሰብ እወድ ነበር። ሽሮዬን በላሁና ሦስቱን በአንድ ጉርሻ ዋጥኳቸው።

አደይ ምሕረት ከበር ሆነው ያዩኝ ነበር። «ጎሽ» አሉ። «ኮሶ የሚጠጣ ሰው በማንኪያ በማንኪያ አይጠጣም ወደይ። ዐይኑን ጨፍኖ ይገለብጠዋል። መድኃኒት የሚፈራ ሆድ፣ በሽታም አይፈራውም።»

ኮሶ የጠጣ ትውልድ እንደዚህ ነው የሚያስበው፤ የሚመር ነገር ቶሎ ይለቅ ነው ነገሩ። እኔም በምስጋና አንገቴን ደፋሁ። ጋሽ ይማም ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ ለሚበላው ስሑር እንቅልፍ አያስነሳቸውም፤ ምግባቸው ሲያፈጥሩ ብቻ ነው። ሳንመካከር እሳቸውም የእኔን ሒሳብ ሠርተው ነበር።

የአደይ ምሕረት ልጅ ብርኽቲ ትባላለች። ምላሷ እንደ አዲስ ምላጭ ነው። ፍልሰታ ሲፈታ አሸንዳ ይገባል፤ ልጃገረዶቹ ቄጠማውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ፣ በየደጁ ይዘፍናሉ። ብርኽቲ የሰፈሩ ልጆች መሪ ነበረች።

«ገጣሚ ነኝ ትላለህ አይደል» አለችኝ አንድ ቀን። «እናቴን የማወድስበት አንድ ስንኝ ስጠኝ። ከወደድኩት በአሸንዳ እለዋለሁ። ካልወደድኩት ደግሞ ማን እንደሠራው ለሰፈር ሁሉ እናገራለሁ።»

የሠራሁት ቃል በሰው አፍ ሲዘፈን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ግጥሞቼን እስከዚያ ድረስ የሰሙት የአቡጀዲ ጥቅሎችና እነዚያ የተሰደዱት አይጦች ናቸው። እውነቱን ልናገር፣ ንዳዱ እንዲለቀኝ የለመንኩት ለነፍሴ ብዬ አልነበረም። ያን አንድ ስንኝ በከበሮ ሲባል ቆሜ እንድሰማው ነበር።

ደወሉ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ በልቼና ውጬ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ዝናብ አዳምጣለሁ። ዝናቡ አባራ። ድምፁ ግን አላባራም። መጀመሪያ ነፋስ በባዶ እንስራ አፍ ላይ ሲያልፍ የሚያሰማውን ዓይነት ነበር። ከዚያ እየቀጠነ፣ እየጠራ ሄዶ ደወል ሆነ። የሚመታ ደወል አይደለም፤ ከብዙ ዘመን በፊት ተመትቶ ንዝረቱ ዛሬ ገና የደረሰ ደወል ነው። ከመሬት ሥር ይሁን ከሰማይ አላውቅም። አያቆምም። አይተነፍስም።

«አደይ፣ ይሄ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው?»

«የምን ደወል? ቅዳሴ ወጥቷል።»

«ይሄው፣ አሁን የሚደወለው።»

አደይ ምሕረት ምስር መልቀማቸውን አቆሙ። ብርኽቲም ዝም አለች፤ ይህ ራሱ በዚያ ግቢ ተአምር ነው። ሦስታችንም አዳመጥን። ከጣሪያው ጠብታ ይወርዳል።

«በየት በኩል ነው ወደይ?» አሉ አደይ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እጄን ወደ መድኃኔ ዓለም ዘረጋሁ። ፊቴን ወደዚያ ሳዞር ደወሉ ከኋላዬ ሆነ። ዞሬ ወደ ሥላሴ አመለከትኩ። አሁንም ከኋላዬ። ወደ ኪዳነ ምሕረት ዞርኩ። ከኋላዬ። በየትም ብዞር ማጅራቴ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። እጄን እንደ ዘረጋሁ በጭቃው መካከል ስሽከረከር ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አወጡ።

«አደይ፣ ጭራውን እንደሚያባርር ውሻ ሆነ» አለች ብርኽቲ። ድምፅዋ ውስጥ ግን ሳቅ አልነበረም።

አደይ ምሕረት አማተቡ። በርጩማቸውን ይዘው ራቅ ያሉትም ይህን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው ሐኪም ቤት ይሄዳል። እኔ ግን ገጣሚ ነኝ ብያችኋለሁ። አብሾ ታውቃላችሁ? የቆሎ ተማሪዎች አእምሮ ይከፍታል ብለው የሚጠጡት ነገር ነው። የያዘለት ሊቅ ይሆናል፤ ያልያዘለት ከግንብ ጋር ይከራከራል። እኔ ቆሎ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስኩም፤ በሕይወቴ የቀናሁት በሀብታም ወይም በመልከ መልካም ሰው ሳይሆን አብሾ ጠጡ በሚባሉ ሰዎች ነው። ያን ዕለት በደወሉ ውስጥ ቃል የሚመጣ መሰለኝ። ደወሉ ይንቀጠቀጣል፣ ቃሉ ይከተላል። ይሄ ነጭ ነገር የፈረንጅ አብሾ መሆን አለበት አልኩ። ያን ዕለት ለብርኽቲ እናት የሚሆነውን ስንኝ አንድ ትንፋሽ ሳልወስድ ሠራሁት፤ በአማርኛ አሰብኩት፣ በሰባራ ትግርኛዬ ገጠምኩት። በደጃቸው ያለውን ዛፍ፣ በጣሪያቸው ላይ የምትወጣውን ጨረቃ፣ በእርሻቸው የሚዘንበውን ዝናብ፣ ሦስቱንም በአንድ ስንኝ አጎርኩት። ከደወሉ ጋር ሲባል እንከን አልነበረውም።

በማግሥቱ አራት ዋጥኩ።

ደወሉ አደገ። ነገር ግን እሱ ሲያድግ ሌላው ሁሉ ማነስ ጀመረ። ሱቅ ውስጥ ሴቶች አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ቃላቸው ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጠራ ሰው ሆኖ ይደርሰኛል። አንዷ የጠየቀችኝን ሳልሰማ ለመጋረጃ የሚበቃ ጨርቅ ቀድጄ ሰጠኋት፤ የፈለገችው መሀረብ ነበር። ሰዎች ድምፅ አጥተው በአፋቸው ብቻ ሲንቀሳቀሱ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉም የሚያውቁት፣ ለአንተ ብቻ የማይነግሩህ አንድ ነገር ያለ ይመስላል። ያን ጊዜ ነው ፍርሃት የገባኝ። ቃሉ ሁሉ እየመጣልኝ፣ የምሰማበት ጆሮ እየሄደብኝ ነበር። አሸንዳ ሲደርስ ልጃገረዶቹ ፊቴ ቆመው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ታየኝ፤ ያለ ድምፅ፣ እንደ ዓሣ።

ይህን ሳስብ ጋሽ ይማምን አየኋቸው። ጥቅሉ ላይ ተደግፈው አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገዋል፤ ግድግዳው የሚነግራቸውን የሚሰሙ ይመስላሉ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ። ጮክ ብለው ነው የተናገሩት፤ ለካ እሳቸውም ራሳቸውን አይሰሙም። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ከሳቅክ በዚህ መለኪያ ነው የምልህ።»

«አልስቅም ጋሼ።»

«ንብ ይሰማሃል?»

«ደወል ነው እንጂ።»

«ንብ ነው።»

«ጋሼ፣ ደወል ነው።»

ተያየን። ጋሽ ይማም መለኪያውን አስቀመጡ።

«በየት በኩል ነው?» አሉ ቀስ ብለው፤ ከከንፈራቸው ነው ያነበብኩት።

«ከኋላዬ።»

«ያ ረቢ» አሉ። «የኔም ከኋላ ነው።»

አንድ ሰው የማይሰማ ነገር ቢሰማ ታሟል ይባላል። ሁለት ሰው ከሰማ ግን ነገሩ አለ ማለት ነው። እኛም እንዲህ ደመደምን፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከሱቁ ጥግ ጥላ ነገር አየሁ ብል አታምኑኝም፣ እኔ ግን አየሁ።

ጋሽ ይማም ኮታቸውን ከፍተው አንዱን አዝራር ያዙ። ሌሎቹ አዝራሮች ጥቁር ናቸው፤ ይሄኛው ነሐስ ነው። ወደ ጨው አገር ስንወርድ ከመንገዱ ዳር አንድ የጣልያን ወታደር ካፖርት ወድቆ አይተናል። ውስጡ ሰው ነበረ፤ ማለቴ ከሰው የተረፈው። ጦርነቱ የረሳው ነው። እኔ ፊቴን አዙሬ አልፌያለሁ። ጋሽ ይማም ግን ኮታቸው አዝራር ይጎድለው ነበር።

«ወላሂ፣ ከእንግዲህ ብርድ አይበርደውም ብዬ ነው» አሉ።

«ታዲያ ንቡ ምንድን ነው?»

«ጥሩምባው ነዋ። ከሩቅ ስለሚነፋው ንብ መሰለኝ።»

ለእኔ ደወል፣ ለእሳቸው ንብ፣ ለሟቹ ጥሩምባ። አልተስማማንም፤ ግን ፈርተን ስለነበር ጥቃቅኑን አልመረመርነውም። በማግሥቱ አዝራሩን ቆርጠን ልንቀብረው ከከተማው ዳር ወደ ባሕር ዛፎቹ ወጣን። ጉሙ ከባድ ነበር። ዛፎቹ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ እየወጡ ያዩናል፣ ተመልሰው ይገባሉ። መሬቱን በእንጨት ጫርኩና አዝራሩን ጨመርነው።

«ፋቲሓ ልቅራለት?» ብለው ጮሁ ጋሽ ይማም።

«ካቶሊክ ነው እኮ ጋሼ» ብዬ ጮህኩ።

«ታዲያ አንተ ጸልይለት፤ ለእናንተ ይቀርባል።»

«እኛም ከእነሱ ጋር አንስማማም።»

«አሁን የመስማማት ሰዓት ነው ልጄ?»

ስለዚህ ሁለታችንም በየፊናችን ጸለይን። አንዳችን ሌላውን ስለማንሰማ እየተጯጯህን ነበር፤ በዚያ ጉም ውስጥ የሚያልፍ ሰው ቢኖር ሁለት ሰዎች መሬቱን እየተቆጡት ነው ብሎ ይሸሻል። ጨርሰን ዝም አልን። ደወሉ ይለቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልለቀቀም። እንዲያውም ዛፎቹ ሁሉ በአንድነት የሚያሰሙት ሆነ።

«እንሂድ» አሉ ጋሽ ይማም። «መሽቷል፣ ላፍጥር።»

ፀሐይዋ ከጉሙ በላይ አናታችን ላይ ነበረች።

«ጋሼ፣ ገና ቀትር ነው።»

አልሰሙኝም። ጠጋ ብዬ በጆሯቸው ደገምኩላቸው።

«ታዲያ ለምን ጨለመ?» አሉ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ፤ የአንድ ባሕር ዛፍ ግንድ ነኩ፣ ላዩን በቀስታ ዳበሱት። «አንተ ነህ?» አሉት። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር።

የፈተለችውን ሴት ጠባይ የሚያውቁት ዐይኖች ሰፊ ሆነው ተከፍተው ነበር፤ ጥቁሩ ነጩን ሊያሸንፍ ምንም አልቀረው። እያዩኝ አያዩኝም። ከዚያ በኋላ ስለ ሟቹ ወታደር አላሰብኩም። እጃቸውን ያዝኩና ቁልቁለቱን መውረድ ጀመርኩ። ወደ ሼኩ ልውሰዳቸው፣ ወደ ጸበል ልውሰዳቸው እያልኩ ስከራከር እግሬ ሐኪም ቤቱ ግቢ አደረሰኝ።

በግንቡ ጥግ በሽተኞቹ ተራ እየጠበቁ ተቀምጠዋል። ላልፋቸው ስል አንድ ነገር አቆመኝ። አሮጊቷ አንገቷን ዘንበል አድርጋለች። አጠገቧ ያለው ግመል ነጂ ዘንበል አድርጓል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የቀድሞ ወታደር፣ ከዚያም ነጠላዋን ፊቷ ላይ የጣለችው ሴት። ማንም አያወራም። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ፣ ከኋላው የሚመጣ ነገር ያዳምጣል።

ሐጎስ ጋሽ ይማምን ሲያይ የያዘውን ጠርሙስ አስቀመጠ። መብራት ዐይናቸው ላይ ቀረብ ራቅ አደረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ከንፈሩን እንዳነብ አድርጎ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እንዴት ነው የምትውጡት?»

«እንደ ነገርከን። ከምግብ በኋላ።»

«ሦስት ጊዜ?»

«ምግቡ አንድ ጊዜ ነው» አልኩ። «ጾመኞች ነን። ሦስቱን አንድ ላይ ነው።» አራቱን አልነገርኩትም። ቀና ብሎ ሲያየኝ ነገርኩት።

ሐጎስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሦስት ጊዜ ያልኩህ እኮ አንዱ ሥራውን ጨርሶ ሳይወጣ ሌላው እንዳይገባ ነው» አለ። «ይሄ ነገር ሲበዛ መርዝ ነው። ትኩሳቱን የሚገድለው ነገር ጆሮንም ዐይንንም ይገድላል፤ ከባሰም ልብን። ጆሮህ ሲጮህ ለምን አልመጣህም? ጩኸቱ እኮ መድኃኒቱ ራሱ ነው፣ በዛሁብህ እያለህ።»

የፈረንጅ አብሾ መስሎኝ ነበር ብዬ እንዴት ልናገር? ጋሽ ይማም ግን ከንግግሩ ጥቂት ደርሷቸው መለሱለት።

«አዝራር ስንቀብር ነበር» አሉ።

ሐጎስ አልሳቀም። «እኔም ራሴ ጾመኛ ነኝ» አለ፣ ለራሱ ይመስላል። «ቁርስ የሌለበት አገር ቁጭ ብዬ ከቁርስ በኋላ ዋጡ እላለሁ።» ይህን ብሎ ድንገት ተነሣና ወደ በሩ ሄደ። ተከተልኩት።

«ኪኒን የወሰዳችሁ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «በቀን አንዴ የምትበሉ፣ እስቲ እጃችሁን አንሡ።»

ያልሰሙት ነበሩ፤ ከጎናቸው ያሉት ጎሸሟቸው። እጆች ተነሡ። በግንቡ ጥግ በሙሉ ተነሡ።

«ድምፅ የሚሰማው አለ?»

አንዱ ሌላውን በቆረጣ ያያል። በመጨረሻ አሮጊቷ «ልቅሶ ነው» አለች። «የሟች ባሌ እኅቶች ናቸው። ለማንም አልተናገርኩም።» ወታደሩ ቀና ብሎ አያት። «አውሮፕላን ነው እናቴ። እየተመለሱ ነው።» ግመል ነጂው አሸዋ ሲሄድ ነው አለ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ሳትገልጥ ሕፃን ነው አለች፤ የማን ሕፃን እንደሆነ አልነገረችንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

አንድ ግቢ ሙሉ ሰው፣ እያንዳንዱ የራሱን ሙት ለብቻው ሲያዳምጥ ነበር የከረመው። ሁሉም የፈራው ብቻዬን ነኝ ብሎ ነው። ስለ ደወሉ ካስፈራኝ ነገር ሁሉ ዛሬም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው።

ሐጎስ ዳግመኛ እስኪያየን ድረስ ማንም አንዲት ፍሬ እንዳይውጥ ከለከለ፤ ከአሁን በኋላ የሚውጥም ቢኖር እያራራቀ፣ በአንድ መብል አንድ ብቻ ነው አለ፤ የታመመም ከነፍስ አባቱ ወይም ከሼኩ ጋር ተነጋግሮ ጾሙን ይፍታ። የተረፈንን ለጎረቤት ማካፈልንም ከለከለ። ከዚያ በሩን ዘግቶ፣ በዚያ ጭቃ፣ ያልመጡትን ፍለጋ ቤት ለቤት ሄደ። ሁሉን በሰዓቱ አገኘ አላገኘ አላውቅም። ጠይቄው አላውቅም።

ቤት ገብቼ ለአደይ ምሕረት ነገርኳቸው። እሳቸውም ተነሥተው ከምድጃው እንጀራ በወጥ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ። ፀሐይ ገና አላዘነበለችም።

«ብላ» አሉ። ጠጋ ብለው በጆሮዬ ነው የተናገሩት።

«ጾም ነው አደይ።»

«ለታመመ የለም። አንድ ቀን ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግርህ ነበር።» ቆይተው ጨመሩ፤ «እኔም ጉንጭህን ከማይ ጆሮህን ባይ ኖሮ።»

በላሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደይ ሲሉኝ ዐይናቸው ሌላ ቦታ አይሄድም።

ደወሉ ወዲያው አልሄደም። እንግዳ ሆኖ የመጣ ዘመድ አይታችኋል? ልሂድ ይላል፣ ይነሣል፣ በሩ ላይ ሌላ ወሬ ይጀምራል። እንደዚያ ነው የሄደው። በየቀኑ ትንሽ ይርቃል። የጋሽ ይማም ዐይንም ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ መጀመሪያ ነጭን፣ ከዚያ ቢጫን ለዩ። ሰማያዊና ጥቁር ግን እስከ ዛሬ ይምታታባቸዋል፤ ጨርቁን ወደ በሩ አውጥተው «ይሄ ምንድን ነው?» ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ፤ አያምኑኝም፤ ሌላ ሰው ይጠይቃሉ።

አሸንዳ ደረሰ። እኔ ደጃፍ ላይ ጋሽ ይማም አጠገብ ተቀምጫለሁ። ከመንገዱ ጫፍ ልጃገረዶቹ ብቅ አሉ፤ ቄጠማው ወገባቸው ላይ ይወዛወዛል፤ ከበሮ የያዘችው ብርኽቲ ናት። እጇ ወደ ከበሮው ሲወርድ አየሁ። ምንም አልሰማሁም። ደግማ መታች። ምንም። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ልክ እንደ ፈራሁት፣ እንደ ዓሣ።

ቀረቡ። መጀመሪያ ከበሮው በእግሬ ጫማ ገባ፤ ቀጥሎ በደረቴ። ከዚያ በቀጭን ስንጥቅ፣ ከደወሉ ሥር፣ ድምፃቸው መጣ። የእኔ ስንኝ ነበር። ግን የእኔ አልነበረም። ብርኽቲ ዛፉን አለችና ቆመች፤ ከበሮው ሞላው። ልጆቹ ተቀበሉ። ጨረቃዋን አለች፤ ከበሮው ሞላው። ከዚያ ብዙ ቆይታ፣ አደይ ምሕረት ፊት ስትደርስ፣ ዝናቡን አለች። አደይ ምሕረት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ዘፈኑ ሲያበቃ ብርኽቲ ወደ እኔ መጣች። ላብ በላብ ሆናለች።

«አበላሸሽው» አልኳት፤ ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ።

«ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ አጉረኸው ነበር» አለች። «እንዲያ ሆኖ ሰው አንቆ ይገድላል እንጂ አይዘፈንም። አራራቅኩት።»

ጋሽ ይማም ሳቁ። የሳቃቸውን ድምፅ ሰማሁት፤ ከፊት ለፊቴ። ደወሉ ግን ከኋላዬ እንደ ቆመ ነበር፤ አልሄደም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የሚያዳምጠው እሱ ሆነ።